ማን ብዬ ልረድ?

ባለፈው ጁምአ የልጄ ልጅ ሰባተኛ ቀኗን ያዘች። ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር፣ ልጄ ሐያት በምትኖርበት ግቢ ውስጥ በጉ ታስሮ ቆሟል፤ ልጆች ዙሪያውን ይራወጣሉ። እኔ ልጆቹ የውሃ በርሜሉ ላይ እንዳይንጠለጠሉ፣ ቢላው ሰው የሚረግጥበት ቦታ እንዳይቀመጥ፣ አራሷን ንፋስ እንዳይመታት ከወዲያ ወዲህ እላለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። በደስታ ቀን እንኳ አርፌ ስቀመጥ ያየኝ ሰው የለም። አራጁ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው። በጉን ወደ ቂብላ አዙሮ አስተኛና ቀና ሳይል፣

«ማን ብዬ ልረድ?» አለ።

አማቼ ጀማል የልጅቷን ስም ጠርቶ የራሱን አስከተለ። «ኢክራም ጀማል።» በቃ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደበትም።

እኔ ግን አጠገቤ የነበረውን በርጩማ ሳብኩና ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ደስታ ነው መሰላቸው፤ አንዷ ውሃ አመጣችልኝ። ደስታም አለበት፤ አልክድም። ከደስታው ሥር ያለውን ግን እነሱ አያውቁትም። ያን ጥያቄ እኔ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ድረስ ይዤው ሄጃለሁ።

ልማዱን ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ ዘንድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፤ አቂቃ እንለዋለን። አራጁ ቢላውን ከማሳረፉ በፊት የልጁንና የአባቱን ስም ጠይቆ፣ «ይህ የእገሌ ልጅ የእገሊት አቂቃ ነው» ብሎ አላህን ጠርቶ ነው የሚያርደው። ስም ሳይጠራ የሚታረድ አቂቃ የለም። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው።

ያኔ ኮምቦልቻ የሹፌር ከተማ ነበረች። የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ ማለቴ ነው። መኪኖቹ ከነተሳቢያቸው ከወደብ እየመጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ ናፍጣው፣ የጋለው ጎማ፣ ከቦርከና በኩል የሚመጣው የእርጥብ ሣር ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እኔ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ነበረችኝ። ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ደግሞ የካርቶንና የጭቃ። ፓስቲ እጠብሳለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲውም በዚያው ገደማ ነበር፤ አሁን በዚያ ገንዘብ ክብሪት እንኳ የሚሰጥ የለም። ሹፌሮቹ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጭ ካኔተራ ለብሰው፣ ከአሰብ በሚያመጡት ሽቶ አካባቢውን አውደው ይቀመጣሉ። ለሴቱ የሚያብረቀርቅ ሻርፕ፣ ለልጁ የላስቲክ ሳንዳል ይዘው ነው የሚመጡት። ቴፕ ነበረኝ፤ አንዱ ትዝታ ሲያስከፍተኝ ሌላው መንዙማ ያስከፍተኛል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አስጥተን መልሰን እንከተዋለን። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ግን ማንም አያታልለኝም ነበር።

ሰይድን ያወቅሁት እዚያ ነው። የተሳቢ ሹፌር ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን ጨርሶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው፣ ስኳሩን ሰርቀሽኝ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከእትዬ ሙሉ በተከራየሁት ቤት አብረን መኖር ጀመርን። እትዬ ሙሉ ሦስት ቤት የሚያከራዩ፣ በርበሬ የሚነግዱ ክርስቲያን ናቸው፤ አንደበታቸው እንደሚሸጡት በርበሬ ነው። ኒካ፣ በሃይማኖታችን የሚታሰረው ጋብቻ፣ አልነበረንም። ከአሰብ ስመለስ እናስራለን ይለኛል፤ ይመለስና ደግሞ ሌላ ጭነት ይመጣል። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው። አብሮ የኖረን ሰው አልኖረም ማለት አልችልም።

ሐያት ስትወለድ የተደሰተውን ደስታ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። በሰባተኛው ቀን ከኩታበር የመጣ ወፍራም በግ ይዞ ከተፍ አለ። ሴት ናትና አንድ በግ ይበቃታል። በላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ዶሮ ጨመረ፤ እትዬ ሙሉና ሌሎቹ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ፣ በልጄ ቀን ጎረቤቴ በሽሮ አይሸኝም ብሎ ነው። የእትዬ ሙሉ ወንድም ከጓሮ ዶሮዎቹን ባረከ፤ እኛ በደጅ በጉን። አራጁ አባ ይማም ነበሩ፤ የሰፈራችን አራጅና መራቂ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው። ሰይድ ራሱ የበጉን እግር ይዟል። ሽርጡን ደም እንዳይነካው በጉልበቶቹ መሃል ሰብስቦታል። አባ ይማም ማን ብዬ ልረድ አሉ። እሱም ቀና ብሎ እኔ ወዳለሁበት በር እያየ፣ «ሐያት ሰይድ» አለ። እኔ ልጅቷን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነገር ከሐሳቤ ጠፍቷል፤ ያ አንገት ቀና ማለቱ ግን አልጠፋም።

መንገዱ ተዘጋ። እንዴትና በማን ጥፋት፣ ያን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማውቀው መኪኖቹ እንደቀሩ፣ ሽቶው እንደቀረ፣ ፓስቲዬ እየቀዘቀዘ የሚበላው እንዳጣ ነው። ሰይድ ሥራ ልፈልግ ብሎ ደሴ ወጣ። ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ከከፈቱ ሰዎች ጋር ተጠጋ፤ ልጃቸውን አገባ፤ በኒካ፣ በድግስ። ወሬውን የነገሩኝ እትዬ ሙሉ ናቸው። ወንድ መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ አንቺ እሱ የለቀቀውን አቧራ ስትጠርጊ እንዳትኖሪ አሉኝ። አልጠረግሁም። ልጄን አሳደግሁ።

ሐያት ለትምህርት ስትደርስ፣ አባቷ ይወቀው ብዬ አጥቤ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ አዲስ ኮንጎ ጫማ አድርጌላት ደሴ ይዣት ወጣሁ። ያኔ ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሁለት ብር ከምናምን ያወጣ ነበር። ከታች ስትነሣ ሹራብህን በክንድህ አንጠልጥለህ ነው፤ ከላይ ስትደርስ ጉሙ ተቀብሎህ ሹራቡን ለብሰህ ነጠላ ትደርባለህ። በየጠመዝማዛው ሰው ያስመልሰዋል፤ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። እኔ ያን ቀን ያላሰብኩት የለም፤ መኪናው ቢገለበጥ፣ ልጅቷ ቢበርዳት፣ እሱ ባይኖር። እሱ ግን ነበረ። ሱቁ ውስጥ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለደንበኛ ጨርቅ ይለካ ነበር። ሰላምታዬን አልጨረስኩም። ደንበኞቹ ፊት፣ እኔን ሳይሆን ደንበኞቹን እያየ፣

«ይህችን ሴት አላውቃትም። እኔ እዚያ በኩል ልጅ የለኝም» አለ።

ወጣን። ስንመለስ ሐረጎ መሃል ላይ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳለሁ ልጄ እጄን ሳበችኝ። «እማ፣ አንቺን ነው ያላወቀሽ ወይስ እኔን?»

እኔ ፈሪ ነኝ። በሬን ቆልፌ ተመልሼ የማረጋግጥ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ልጄን አልጋ ሥር የምከት ሰው ነኝ። ነገር ግን ያን ጥያቄ ስሰማ ፍርሃቴ መልኩን ለወጠ። ልጅ ሆና «አባቴ ማነው» የሚለውን ጥያቄ ይዛ ከምታድግ፣ እኔ ችሎት ፊት ቆሜ ብሞት ይሻላል አልኩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ መልሱን ነገርኳት። «እሱ ረስቶ ነው። እናስታውሰዋለን።»

ክስ እንደማስብ ወሬው ደረሰው መሰል፣ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ላከ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ውሃ አቀረብኩ፣ ተቀመጡ። ነገር አይግነን አሉኝ። አንቺም ኒካ የለሽ፣ እሱም ትዳር አለው፣ ፍርድ ቤት ስትቆሚ የሚጋለጠው ገመናሽ ነው አሉኝ። ከመሃላቸው ትልቁ ሽማግሌ መፍትሔ ይዘው ነበር የመጡት።

«አባትሽ ይመር የተከበረ ሰው ነበር። ልጅቷ ሐያት ይመር ተብላ ትጠራ። ብዙ ሰው በአያቱ ስም ነው የሚጠራ፤ ምን ይጎድልብሻል?»

ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«አባቴ የተከበረ ስለሆነ ነው እምቢ የምለው» አልኳቸው። «ይመር የኔ አባት ነው። አባቴን የልጄ አባት አድርጌ ላስጽፍ? እርስዎ ይህን ነውር በልጅዎ ቤት ይፈቅዱታል?»

አንዱ ሽማግሌ አስተግፊሩላህ ብለው ተነሡ። ገመናዬን በተመለከተ፣ ገመናዬ የኔ ነው፣ ስሟ ግን የልጄ ነው፤ የኔን ለመሸፈን የሷን አልቀማትም ብዬ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ደሴ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች በጃንጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። አንዱ፣ መነጽሩን በገመድ ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ ታሪኬን ሰምቶ ምን ማስረጃ አለሽ አለኝ። ልጅቷ አለች አልኩት። ልጅቷ የልጅቷ ማስረጃ አትሆንም፣ ሕጉ ግን ሰውየው እንደ አባት ሆኖ የሠራውን፣ ሰው ያየውን ይቀበላል አለ። እንደ ዛሬው በደም ይታወቃል የሚባለው ነገር እኛ ጋ በወሬም አልደረሰም ነበር። ያየ ሰው ብቻ ነው። እኔም ጎረቤቶቼን በምስክርነት አስቆጠርኩ፤ እትዬ ሙሉን፣ ሻይ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረችውን ልጅ፣ ሌሎችንም። እሱ ቤቴ ሲገባና ሲወጣ ያዩ። ራፖር ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። ሻይ ቤት ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም ይወጣል አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ንግግሩ ለብዙ ቀን እህል አላስቀምሰኝም።

የሰይድ መልስ ለችሎቱ ገባ። ደንበኛዋ ነበርኩ፣ የማውቃት በሻይ ነው ይላል። በጉን ሰው ሁሉ ስላየበት ሊክደው አልቻለም፤ ባል የሌላት ድሃ ወልዳ አይቼ አዝኜ የሰጠሁት ሰደቃ ነው ይላል። ሰደቃ! ድሃ መባሉ አልከነከነኝም፤ ድሃ ነበርኩ። ልጄ በአባቷ ደጅ የምጽዋት ልጅ መሆኗ ግን አቃጠለኝ። ቤት ገብቼ ለእትዬ ሙሉ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው በርበሬ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸውን አቁመው ትንሽ አሰቡ።

«እኔ የእናንተን ነገር አላውቅም» አሉ። «ግን የሰደቃ በግ ሲታረድ ስም ይጠራበታል እንዴ?»

ለቅሶዬ ቆመ። የኔው ልማድ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ከዓይኔ ሥር ተደብቆ ኖሮ ክርስቲያኗ ጎረቤቴ አሳዩኝ። ምስክር ስቆጥር የገባ የወጣውን ሁሉ ቆጥሬ አራጁን ረስቼ ነበር። ማን አራጅን ይቆጥራል? እንግዳ ሥጋውን ነው የሚያስታውሰው።

አባ ይማም ያኔ አርጅተው ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ፣ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አወቁኝ። ነገሩን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ በጉን ያረዱለትን ሰው በችሎት መቃወም ለሽማግሌ ከባድ ነው።

«ኒካ ነበራችሁ?» አሉኝ።

«አልነበረንም፣ አባ።»

ለነበረው አልዋሽልሽም፣ ላልነበረውም አልዋሽልሽም አሉኝ።

«እንዲዋሹልኝ አልመጣሁም» አልኳቸው። «ሲያርዱ የጠሩትን ስም አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅዎትም።»

ከዘራቸውን ፈለጉ። «አላህ ፊት የጠራሁትን ሰው ፊት ልደብቀው?» አሉና ተነሡ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ቀኑን ንገሪኝ።»

በቀጠሮው ቀን ደሴ ጉም ለብሳ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም ነበር። ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ አግዳሚው ይንገዳገዳል። ዳኛው ቀጭን ወጣት። ሰይድ ሱፍ ለብሶ ከሚስቱ ወንድሞች ጋር ተቀምጧል። መጀመሪያ እትዬ ሙሉ ገቡ። ማለው ሲጨርሱ፣ ዳኛው ስለ በጉ ሳይጠይቃቸው ስለ ዶሮዎቹ ጀመሩ።

«በጉ ሰደቃ ነው ካለ እሺ። ዶሮዎቹስ? እኔ ያኔም ዛሬም ሦስት ቤት አከራያለሁ። ለኔ ሰደቃ የሚሰጥ ከሆነ መጀመሪያ የቤት ኪራዩን ዕዳ ይክፈለኝ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው የተጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ ነገራቸው፤ እሱም ግን ከንፈሩን ነክሷል። ሳቁ ልቤን ትንሽ አሞቀው።

ከዚያ አባ ይማም ተጠሩ። ዳኛው በጉ የምን በግ እንደነበር ጠየቃቸው። አቂቃ ነው አሉ። ሰደቃ አለመሆኑን በምን ያውቃሉ አላቸው።

«ለሰደቃ በግ ስም አልጠይቅም» አሉ አባ ይማም በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው። «የበላው ይበላል፣ የሰጠው ምንዳውን ያገኛል፤ በቃ። አቂቃ ሲሆን የልጁንና የአባቱን ስም እጠይቃለሁ። ጠየቅሁ። የመለሰልኝ የበጉን እግር ይዞ የነበረው ሰው ነው።»

«ማነው?»

ሽማግሌው ለዳኛው አልመለሱም። ፊታቸውን ወደ ሰይድ አዞሩ። ዳኛው ወደዚህ ይመልከቱ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

«ልጄ ሰይድ፣ ቢላው እጄ ላይ ነበር። ማን ብዬ ልረድ አልኩህ። ምን አልከኝ?»

ሰይድ ወደ ሚስቱ ወንድሞች ተመለከተ፤ እነሱም ወደ መሬት። ሽማግሌውን ሐሰተኛ ማለት ይችል ነበር፤ ማንም የጻፈው ነገር የለም። ነገር ግን ወሎዬ ነው፤ በስሙ አላህን ጠርቶ ያረደለትን ሽማግሌ፣ ዓይኑ እያየው፣ አላልኩም ለማለት አንደበቱ አልታዘዘውም። አንገቱን ደፍቶ መለሰ።

«ሐያት ሰይድ ብያለሁ።»

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛው አባቷ መሆኑን፣ ለማሳደጊያዋ ቀለብ መስጠት እንዳለበት፣ አስተዳደጓም የሁለታችን ግዴታ መሆኑን አነበበ። እልል አላልኩም። አላለቀስኩም። ስሟን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ደገመልኝ።

ሰይድ ቀለቡን በፍርድ ቤት በኩል ይሰጥ ነበር፤ ፊቱን ግን አላሳየንም። እኔም አልተውኩትም። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ካርድ ሲሰጥ፣ ከወላጅ ፊርማው ቦታ ላይ አልፈርምም። ልጄን ይዤ ሐረጎን ወጥቼ ሱቁ ድረስ እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨርቁ ጥቅልል አጠገብ ካርዱን አስቀምጬ፣ «ልጅህ አልፋለች፤ ፈርም» እለዋለሁ። ደንበኛ ይኑር አይኑር ግድ አልነበረኝም፤ እንዲያውም ደንበኛ ሲኖር እመርጥ ነበር። መጀመሪያ እስክሪብቶ የለኝም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሚስቱ ከጓዳ እስክሪብቶ ይዛ ወጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት፤ አላህ ይስጣት። ዘመዶቼ ኩራት የሌለኝ፣ ደጅ የምጠና አድርገው አሙኝ። አባትነት ብር ልኮ መሸሸግ አይደለም። አባት የልጁን ውጤት አይቶ ስሙን ከሥሩ ያስቀምጣል። እሱ ካልመጣ ደጁ ድረስ ይዘንለት እንሄዳለን። ሐያት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ፈረመ። ከዚያ በኋላ የሚፈረም ነገር ስላልነበረ ተለያየን።

ይህን ሁሉ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሳስብ በጉ ተገፎ አልቋል። ድሮ በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ፣ ዛሬ ብሎኬት። ድሮ ቴፕ፣ ዛሬ ልጆቹ በስልክ መንዙማ ከፍተዋል። ዱአ ሊደረግ ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ሐያት መጣችና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«እማ፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። እሱ ነው።»

አየሁት። ሸብቷል፤ ከዘራ ይዟል፤ ሱፉ ሰፍቶታል። ማንም አልጠራውም። ግማሽ ፊቱን የበሩ ቆርቆሮ ሸፍኖታል፤ አልገባም፣ አልሄደም። ልጄን ምን ትያለሽ አልኳት። አንቺ የምትይውን እላለሁ አለችኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደኔ አየ፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም።

ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከኮምቦልቻ መጥተው ፀሐይ የሚሞቁትን እትዬ ሙሉን በእጄ አሳየሁት።

«ግባ» አልኩት። «ዱአው ላይ አሚን ስትል ግን ጮክ ብለህ በል። ምስክሬ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል።»

ገባ። ከክቡ ጫፍ ተቀመጠ። መራቂው ኢክራምን፣ እናቷን ሐያት ሰይድን ብሎ ሲመርቅ ጮክ ብሎ «አሚን» አለ። እትዬ ሙሉ አንገታቸውን አስግገው፣ «ማነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«የሐያት አባት ነው» አልኳቸው።